ፓተር አያያዝ፦ ኳሱ ከቅርብ ለምን ወደ ግራ ይሄዳል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ጎልፍ ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የምጫወተው በቀኝ ነው። ፓተሩንም፣ ኳሱን ወደ ጉድጓዱ የማንከባልልበትን ዱላ፣ የምይዘው ሌሎቹን ዱላዎች እንደምይዘው ነው። ከሩቅ ስመታ ደህና ነኝ፤ ከ1 እስከ 2 ሜትር ሲሆን ግን ኳሱ ደጋግሞ ወደ ግራ ይሄድብኛል። አንዱ ‹ግራ እጅህን ከታች አድርግ› ይለኛል፣ ሌላው ‹እጀታውን በወፍራም ቀይረው›፣ ሦስተኛው ደግሞ ‹ዝም ብለህ ላላ አድርገህ ያዘው›። ትክክለኛው አያያዝ የትኛው ነው?»

ሦስቱም ሰዎች ሐሰት አልነገሩዎትም። እያንዳንዱ ምክር ለሆነ ተጫዋች፣ በሆነ ጊዜ ይሠራል። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ እንዲሉ፣ የእርስዎ ችግር ሥሩ ያለው ግን መካሪዎችዎ ባለፉት፣ እርስዎም እንደ ዋዛ ጣል ባደረጉት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው፤ ፓተሩን እንደ ሌሎቹ ዱላዎች ይይዙታል። እሱ ሳይስተካከል ግራ እጅ ከላይ ይሁን ከታች ብሎ መከራከር ትርፉ ድካም ነው።

አስቀድሜ ግን «ከሩቅ ደህና ነኝ» ያሉትን ልጠራጠር። የጉድጓዱ ስፋት 108 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከመሃሉ እስከ ጠርዙ 54 መሆኑ ነው። ኳሱ ወዴት እንደሚነሳ በአብዛኛው የሚወስነው በተመታባት ቅጽበት የፓተሩ ፊት፣ ኳሱን የሚመታው ገጽ፣ ወዴት እንደሚያይ ነው። ዱላው የመጣበት መንገድም ድርሻ አለው፣ ድርሻው ግን ትንሽ ነው። እንግዲህ ኳሱ ከመስመሩ 2 ዲግሪ ብቻ ስቶ ቢነሳ፣ 1.5 ሜትር ሲሄድ ከጉድጓዱ መሃል 52 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ጎን ወጥቶ ይደርሳል፤ ጠርዙ ላይ ማለት ነው። ቀስ ብሎ ከደረሰ ይገባ ይሆናል፣ ፈጠን ካለ ጠርዙን ታክኮ ይወጣል። ከ3 ሜትር ሲሆን ለዚሁ ጥፋት 1 ዲግሪ ይበቃል። አሁን ያንኑ 2 ዲግሪ ወደ 10 ሜትር ይውሰዱት፦ ኳሱ ከጉድጓዱ 35 ሳንቲ ሜትር ያህል ጎን ላይ ይቆማል፣ አብሮዎት የሚጫወተውም «ጎበዝ!» ይልዎታል። ጥፋቱ ያው ነው፤ ከሩቅ ማንም አይቆጥረውም እንጂ። ስለዚህ እጅዎ ከቅርብ ላይበላሽ ይችላል፤ ከቅርብ ሲሆን ይጋለጥ ይሆናል። ሁለቱን እንዴት እንደሚለዩ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ለረጅም ምት የሚያገለግሉት ዱላዎች፣ አይረንና ድራይቨር፣ የሚያዙት በጣቶች ነው። እጀታው ከጣቶቹ ሥር ላይ ሰያፍ ተጋድሞ ይቀመጣል፤ እዚያ ሲቀመጥ የእጅ አንጓ እንደ ልቡ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፤ ኳሱን ሩቅ የሚያደርሰው ፍጥነት ትልቁ ክፍል የሚገኘው ከዚህ ነው። ግሪን ላይ፣ ጉድጓዱ ባለበት ሣሩ አጥሮ በታጨደ ሜዳ፣ ግን ያን ፍጥነት ማን ይፈልገዋል? እዚህ የአንጓው ነጻነት ዕዳ ነው። አንጓዎ እንዲታጠፍ ተመቻችቶ ተይዞ ሳለ ራስን «እንዳታጥፍ» ብሎ ማዘዝ፣ በተለይ ልብ ድም ድም ሲል፣ አያዋጣም። ከ1.5 ሜትር ላይ ቀኝ እጅ ላስገባው ብሎ ይቸኩላል፣ የግራው አንጓ ይሰበራል፣ ማለትም ይታጠፋል፣ የፓተሩ ራስ እጆችዎን ቀድሞ ያልፋል፣ ፊቱም ወደ ግራ ይዘጋል። ቆመው ሲመቱ ሳላይ ብናገርም፣ የእርስዎም ነገር ይኸው ይመስለኛል።

መድኃኒቱ እጀታውን ከጣቶች ወደ መዳፍ ማስገባት ነው። ግራ መዳፍዎን ዘርግተው ይመልከቱት። አውራ ጣትን ከብቦ ወደ አንጓ የሚወርድ ጉልህ መስመር አለ። እጀታው የሚያርፈው በዚያ መስመር ላይ ነው፤ ከአውራ ጣት ሥር ባለው ወፍራም ሥጋና በትንሿ ጣት በኩል ባለው የመዳፍ ጉብታ መካከል። ጣቶቹ የሚጠቀለሉት ከዚያ በኋላ ነው። እንዲህ ሲይዙ አንጓዎ ወደ ላይ ትንሽ ጎበጥ ይላል፤ ኳሱ በሚሄድበት መስመር ጫፍ ቆሞ ለሚያይዎት ሰውም ክንድዎና የፓተሩ ዘንግ አንድ ቀጥታ መስመር ሆነው ይታዩታል። በጣት ሲያዝ ግን በክንድና በዘንግ መካከል ማዕዘን ይፈጠራል።

ይህ ጎበጥ ማለት ለምን እንደሚጠቅም ፓተር ሳይኖርዎት አሁኑኑ መሞከር ይችላሉ። ክንድዎን ወደ ፊት ዘርግተው፣ አውራ ጣትዎ ወደ ሰማይ እያየ፣ መዳፍዎን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያጣጥፉት፤ እንደ ልብ ይሄዳል። አሁን አውራ ጣትዎ ወደ ፊት እስኪያመለክት እጅዎን በትንሿ ጣት በኩል ወደ ታች ያዘንብሉትና እንደገና ያጣጥፉት። ያንኑ ያህል አይሄድልዎትም፤ አንጓው ተያዘ። ይህ እንግዲህ በጉልበትም በትኩረትም አይደለም፣ በአቀማመጥ ብቻ ነው። ከአያያዝ የምንፈልገው ይህን ነው፤ ልብዎ ድም ድም ሲል የሚፈርስ ፈቃድ ላይ ሳይሆን አጥንትና ጅማት ላይ የተመሠረተ ጸጥታ።

ስለ እጀታው ቅርጽም አንድ ነገር። የፓተር እጀታ ወደ እርስዎ የሚያየው የላይኛው ጎኑ ጠፍጣፋ መሆኑን አስተውለው ይሆናል። የጎልፍ ደንብ ይህን የሚፈቅደው ለፓተር ብቻ ነው፤ የሌሎቹ ዱላዎች እጀታ ዙሪያው ክብ መሆን አለበት። ጠፍጣፋው ጎን የሁለቱ አውራ ጣቶች ቦታ ነው። አውራ ጣትዎ ከጠፍጣፋው ወጥቶ ጎን ላይ ካረፈ፣ ሠሪው በነጻ የሰጠዎትን መለኪያ ጥለውታል ማለት ነው፤ ምክንያቱም ጠፍጣፋውና የፓተሩ ፊት ተስተካክለው ነው የተገጠሙት። ሁለተኛ እጅ የገዙት ፓተር ከሆነ ግን እጀታው ዞሮ ተለጥፎ እንዳይሆን አንድ ጊዜ ይዩት። እንዲህ ያለው ከሚታሰበው በላይ ያጋጥማል፣ ባለቤቱም ለወራት ራሱን ይወቅሳል።

ወደ አያያዙ ቅደም ተከተል እንምጣ። ቅደም ተከተል ያልኩት በከንቱ አይደለም። ብዙ ሰው ወደ ኳሱ እየተራመደ ፓተሩን በአየር ላይ ጨብጦ ይጨርስና ጎንበስ ብሎ ማነጣጠር ይጀምራል። በአየር ላይ ሳለ ፊቱ ትንሽ ዞሮ እጁ ከተዘጋበት፣ መሬት ላይ ሲያስተካክለው የሚያጣምመው አንጓውን ነው። የተጣመመ አንጓ ደግሞ በምቱ መሃል ወደ ተፈጥሮው ይመለሳል፤ ፊቱንም ይዞት ይዞራል።

ስለዚህ መጀመሪያ ፓተሩን በቀኝ እጅዎ ጣቶች ቀለል አድርገው ይዘው፣ ፊቱ ወደሚመቱበት መስመር በቀጥታ እንዲያይ አድርገው ከኳሱ ኋላ ያስቀምጡት። ከዚህ በኋላ ፊቱ አይነካም፤ እጆችዎ ናቸው ወደ እሱ የሚመጡት። ግራ እጅ ይምጣ፦ እጀታው በመዳፉ መስመር ላይ፣ አውራ ጣት በጠፍጣፋው ላይ ቀጥ ብሎ ወደ ታች። ቀጥሎ ቀኝ እጅ ከግራው በታች ይግባ፤ መዳፉ ኳሱ ወደሚሄድበት እያየ፣ እጀታው በእሱም መስመር ላይ፣ አውራ ጣቱ በጠፍጣፋው መሃል። በመጨረሻ የግራ እጅዎን ሌባ ጣት ከእጀታው አንስተው በቀኝ እጅዎ ጣቶች ላይ፣ ትንሿንና የቀለበት ጣትን አቋርጦ እንዲያርፍ፣ ዘርግተው ያስተኙት።

ሪቨርስ ኦቨርላፕ የሚባለው አያያዝ ይህ ነው። ኦፕን ሻምፒዮንሺፕ የተባለውን ታላቅ ውድድር 6 ጊዜ ያሸነፈው ሃሪ ቫርደን ባስፋፋው፣ ለረጅም ምት በሚያገለግለው አያያዝ የቀኝ እጅ ትንሿ ጣት ነች ግራው ላይ የምትወጣው፤ እዚህ ነገሩ ተገልብጧል። ጥቅሙ ሁለት ነው። የተዘረጋችው ሌባ ጣት የግራውን አንጓ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ትደግፋለች፤ ሁለቱ እጆችም ተቆላልፈው አንድ ሆነው ይሄዳሉ። ታይገር ዉድስ ታላላቅ ድሎቹን ያገኘው ፓተሩን በዚህ መልክ ይዞ ነው። ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ ሊሞክረው የሚገባው አያያዝ ይህ ነው እላለሁ። ከሌሎቹ ሁሉ በማዕረግ ስለሚበልጥ ግን አይደለም፤ ከርቀት ርቀት አቅምን ለመመጠን የሚያስችል ስሜት በሁለቱም እጅ ላይ ስለሚተው ነው።

በትክክል መያዝዎን ለማረጋገጥ ፓተሩን ሳያንቀሳቅሱ ጣቶችዎን ሁሉ ይክፈቱ። ሁለቱ መዳፎች ለማጨብጨብ እንደተዘጋጁ ፊት ለፊት ሊተያዩ ይገባል፤ ቀኙ ልክ የፓተሩ ፊት ወደሚያይበት አቅጣጫ፣ ግራውም በተቃራኒው። ቀኝ መዳፍዎ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ካገኙት የግራ ጥፋትዎን ምክንያት እዚያው አግኝተዋል፤ ያ እጅ በምቱ ላይ ወደ ልማዱ ሲገለበጥ ፊቱን ይዘጋዋል። ከአይረን አያያዝ ወደ ፓተር የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚይዘው ልክ እንዲህ ነው። በግራ ለሚጫወት አንባቢ ግራና ቀኝ የተባለውን ሁሉ ይገልብጠው፤ ሌላው አይለወጥም።

አሁን ወደ ሦስተኛው መካሪዎ ልሂድ፤ «ላላ አድርገህ ያዝ» ወዳለው። ይህ ምክር ግማሽ እውነት ስለሆነ ከሁሉም በላይ የሚያሳስት እሱ ነው። የጭብጥዎን ጥብቀት ከ1 እስከ 10 እንመድበው፤ 1 ማለት ፓተሩ ሊያመልጥ ሲል፣ 10 ማለት ጥርስ ነክሶ መጨበጥ። ለአብዛኛው ሰው 4 ወይም 5 ይስማማል። አንዱ 3 ላይ ይመቸዋል፣ ሌላው 6 ላይ፤ በዚህ አልከራከርም። የምከራከረው ቁጥሩ ከተጀመረ በኋላ እንዳይለወጥ ነው። 5 ላይ ጀምሮ በ5 የጨረሰ ሰው ጥሩ ይመታል። 2 ላይ ጀምሮ ኳሱ ጋ ሲደርስ 6 የገባ ግን ፓተሩን ጠምዝዞታል፤ ጭብጥ ሁለቱንም እጅ እኩል አይጠብቅም፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠብቀው የቀኝ እጅ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ነው።

የሚገርመው ነገር ይህን ድንገተኛ መጨበጥ ከሚያመጡት ነገሮች አንዱ ራሱ መላላቱ መሆኑ ነው። ፓተሩ በጣም ላልቶ ሲያዝ፣ ከኋላ ወደ ፊት ሲመለስ ራሱ የሚወዛወዝ ይመስላል፤ እጅዎም ሳይጠይቅዎት ያፈጥናል፣ ይይዘዋል። ስለዚህ እኔ ለእርስዎ የምመክረው ከሚያስቡት ትንሽ ጠበቅ ብሎ መጀመር ነው። ጥብቀቱ የሚቀመጠው በግራ እጅ የመጨረሻ ሦስት ጣቶች ላይ ነው፤ የመሃል፣ የቀለበትና ትንሿ። የቀኝ እጅ አውራ ጣትና ሌባ ጣት እጀታውን ነክተው ብቻ ይቀመጡ። መቆጣጠር ካቃተዎት ሁለቱን ጣቶች ከእጀታው ላይ ጨርሰው አንስተው ጥቂት ኳሶች ይምቱ። መጀመሪያ አቅም ያጡ ይመስልዎታል፤ ጥቂት ቆይተው ግን ምቱ ከትከሻ እየመጣ መሆኑን፣ እነዚያ ሁለት ጣቶችም እስካሁን ሲያስቸግሩ እንጂ ሲሠሩ እንዳልነበር ያያሉ።

ጥብቀት እጅ ላይ ብቻ አይቀርም። ጣት ሲጠብቅ ክንድ ይጠብቃል፣ ክንድ ሲጠብቅ ትከሻ ይነሳል። ክርኖችዎ ትንሽ ታጥፈው ከጎንዎ ቀረብ ብለው ይንጠልጠሉ። ኳሱን ከመምታትዎ በፊት አንድ ጊዜ ትንፋሽዎን ያውጡ፣ ከዚያ ጥብቀቱ ሳይቀየር ይጀምሩ። ኳሱ ላይ ተገትሮ ብዙ መቆየትም ጠላት ነው፤ በቆዩ ቁጥር ጭብጡ እርስዎ ሳያውቁት አንድ አንድ እያለ ይወጣል።

የመጀመሪያው መካሪዎ ግራ እጅ ከታች ይሁን ብሏል። ይህ አያያዝ ዛሬ እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ጆርዳን ስፒዝ በ2015 እ.ኤ.አ. ማስተርስና ዩ ኤስ ኦፕን የተባሉትን ታላላቅ ውድድሮች ያሸነፈው ግራ እጁን ከታች አድርጎ ነው፤ ጂም ፊዩሪክም ከልጅነቱ ጀምሮ ግራ እጁ ከታች ነው። ሥራው ግልጽ ነው፦ ግራ እጅ ወደ ታች ሲወርድ ትከሻዎች ይስተካከላሉ፣ የግራው አንጓ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቆማል፣ ቀኝ እጅም ከላይ ስለሚሆን ለመግፋት የሚያስችለውን ቦታ ያጣል። ከቅርብ ርቀት ኳስ ወደ ግራ ለሚጎትት ሰው የተሠራ ይመስላል፤ ጓደኛዎ መሠረት የሌለው ነገር አልተናገረም። ዋጋው ደግሞ የሚከፈለው በሩቅ ምት ነው። የለመደ ቀኝ እጅ ከታች ሲነሳ ከ10 ሜትር በላይ የአቅም ምጣኔው ለጥቂት ሳምንታት ይዘበራረቃል። ስለዚህ በመጀመሪያ በመዳፍ መያዝን ይለማመዱ፤ ጥቂት ሳምንት ሠርተውበት ኳሱ ያው ወደ ግራ ከሄደ ያን ጊዜ ይቀይሩ። ሁለቱን በአንድ ቀን ከቀየሩ የትኛው እንደረዳዎ አያውቁም።

ክሎው የሚባለውንም አይተውት ይሆናል። ግራ እጅ እንደተለመደው ከላይ ይቀራል፤ ቀኝ እጅ ግን ዞሮ መዳፉ ወደ ጭን ያያል፣ እጀታውም በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይገባል። ሰርጂዮ ጋርሲያ በ2017 ማስተርስን ያሸነፈው እንዲህ ይዞ ነው። ቀኝ እጅ በዚህ መልክ ሲያዝ ለመግፋት ጉልበት አይኖረውም፣ አቅጣጫ ብቻ ይመራል። ይህ በተለይ ዪፕስ ለያዘው ሰው ይሆናል፤ ዪፕስ ማለት አጭር ምት ላይ እጅ ከፈቃድ ውጭ ድንገት የሚንዘፈዘፍበት አባዜ ነው። ጀርመናዊው በርንሃርድ ላንገር በሙያ ዘመኑ ይህ ደጋግሞ ይዞት፣ አያያዙን ደጋግሞ እየቀየረ ተላቆታል፤ ማስተርስንም ሁለት ጊዜ፣ በ1985 እና በ1993 አሸንፏል። አያያዝ መቀየር ከውርደት የሚቆጥሩ ሰዎች የእሱን ታሪክ ቢያስቡት ይጠቅማቸዋል። እርስዎ የገለጹት ግን ዪፕስ አይመስለኝም። መንዘፍዘፍ አልጻፉም፤ ኳሱም የሚስተው በአንድ በኩል፣ ሥርዓት ባለው መልክ ነው። ሥርዓት ያለው ጥፋት ደግሞ መካኒካዊ ነው፤ ይታረማል።

ረጅም ፓተር ሆዱ ወይም ደረቱ ላይ ተክሎ የሚመታ ሰው በቆየ ቪዲዮ ካዩ እንዳይከተሉት። ኪገን ብራድሊ በ2011 ፒ ጂ ኤ ሻምፒዮንሺፕን፣ አዳም ስኮት በ2013 ማስተርስን እንዲህ አሸንፈዋል፤ በጊዜው የተፈቀደ ነበር። ከጥር 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን እጀታውን ወይም የያዘውን እጅ በሰውነት ላይ ተክሎ መምታት ተከልክሏል፤ ቅጣቱ ምት በሚቆጠርበት ውድድር 2 ምት ነው፣ አንድ ለአንድ በሚደረግ ግጥሚያ ደግሞ በዚያ ጉድጓድ መሸነፍ። ረጅሙ ፓተር ራሱ አልተከለከለም፣ መትከሉ ነው የተከለከለው። እጀታውን በግራ ክንድ ላይ አስደግፎ መምታት ግን ይፈቀዳል፤ ብራይሰን ደሻምቦ በ2020 ዩ ኤስ ኦፕንን ያሸነፈው በዚህ ነው። እሱም ቢሆን በተለመደው ፓተር የሚሞከር አይደለም። ዘንጉ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል ረዘም ያለና ፊቱ ይበልጥ ወደ ላይ ያዘነበለ ፓተር ይፈልጋል፤ በመደበኛው ከሞከሩት ኳሱን መሬት ውስጥ ይወቅጡታል።

ወፍራም እጀታ ያለው ሁለተኛው መካሪዎስ? ወፍራም እጀታ ጣቶች ብዙ እንዳይጠቀለሉ ያደርጋል፣ እጀታውም ራሱ ወደ መዳፍ ይገባል፤ አንጓ ያስታግሳል። ከዚያ በላይ አይጠብቁበት። በሌላ በኩል የኳሱን ስሜት ያደነዝዛል፣ ከበድ ያለ ከሆነም የፓተሩ ራስ የቀለለ ይመስልዎታል። እጅዎ ትልቅ ከሆነ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ካለብዎት ተገቢ ነው። በጣት እየያዙ ወፍራም እጀታ መግዛት ግን ችግሩን በገንዘብ መሸፈን ነው።

ከመግዛትዎ በፊት ይልቅ የፓተርዎን ርዝመት ይዩ። በመደብር የሚገኙት አብዛኞቹ ከ33 እስከ 35 ኢንች፣ ከ84 እስከ 89 ሳንቲ ሜትር ገደማ ናቸው። ፓተሩ ከረዘመብዎት እጆችዎ ከሰውነትዎ ይርቃሉ፣ እጀታው ዝቅ ይላል፣ የፓተሩ አፍንጫ፣ ከእርስዎ የራቀው የራሱ ጫፍ፣ ከመሬት ይነሳል። አፍንጫው ሲነሳ ፊቱ በትንሹም ቢሆን ወደ ግራ ያዘነብላል። ቆመው ሳለ አንድ ሰው ከአፍንጫው ሥር ሳንቲም ለማስገባት ይሞክር፤ እንደ ልብ የሚገባ ከሆነ እጀታውን ከላይኛው ጫፉ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ወርደው ይያዙ። ምንም አያስወጣም።

ለልምምድ የሚያስፈልግዎት ጥቂት ነገር ነው። አንደኛው የ30 ሳንቲ ሜትር ማስመሪያ ነው፦ በግራ እጅ ሰዓትዎ ማሰሪያ ሥር፣ በእጅዎ ጀርባ በኩል፣ ግማሹ ክንድ ላይ ግማሹ እጅ ላይ እንዲሆን ያስገቡትና ይምቱ። አንጓው በተሰበረ ቁጥር የእጅዎ ጀርባ ማስመሪያውን ሲገፋው ይሰማዎታል። ለሰው መጠየቅ አያሻም፣ ማስመሪያው ይናገራል።

ሁለተኛው በር ነው። ከኳሱ 40 ሳንቲ ሜትር ፊት ለፊት ሁለት ቲ፣ ኳስ የሚቀመጥባቸውን ትናንሽ ችንካሮች፣ በ55 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይትከሉ። የኳሱ ስፋት 42.67 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በየጎኑ የሚተርፈው 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ሳይነካ ካለፈ አነሳሱ 1 ዲግሪ እንኳ አልሳተም። ጉድጓዱን አያስቡት፣ በሩን ብቻ ይዩ። የትኛውን ቲ እንደሚመታ ይመዝግቡ፤ ከገባውና ካልገባው ይልቅ ይህ ነው ስለ እጅዎ የሚነግርዎት፣ ምክንያቱም ኳስ በስህተት ተመትቶም በግሪኑ ተዳፋት ምክንያት ሊገባ ይችላል።

መጀመሪያ ላይ ያቆየሁትን ጥያቄ የሚፈታውም ይኸው በር ነው። ያንኑ በር ይዘው አንድ ዙር ከ1.5 ሜትር፣ አንድ ዙር ደግሞ ከ10 ሜትር ይምቱ። ከሁለቱም ርቀት ግራውን ቲ ከመቱ ጥፋቱ ሁልጊዜም አብሮዎት ነበር፤ ነገሩ የአያያዝ ነው፣ በመዳፍ መያዙ ብቻውን ብዙውን ያስተካክልልዎታል። ከሩቅ በንጽህና አልፎ ከቅርብ ብቻ ግራውን የሚመታ ከሆነ ግን አያያዝዎ ደህና ነው፤ የሚቀየረው ጥብቀትዎ ነው፣ ቀኝ እጅዎ ጉድጓዱን ሲያይ ይቸኩላል። ያን ጊዜ የጓደኛዎን ምክር ሰምተው ግራ እጅዎን ከታች ያድርጉ፤ ከ2 ሜትር በታች ብቻ እንዲህ ይዞ ከዚያ በላይ በተለመደው መምታትም ደንቡ አይከለክልም።

በመዳፍ መያዝ ከጀመሩ በኋላ ኳሱ ለጥቂት ቀናት ወደ ቀኝ ቢሄድ አይደንግጡ፣ ወደ ድሮውም አይመለሱ። ኳሱ ወደ ግራ የሚሄድበት ሰው ሳያውቀው ወደ ቀኝ ማነጣጠር ይለምዳል። እጁ ሲስተካከል ያ የተጣመመ ዒላማ ይቀራል። ኳሱ ላይ በእስክሪብቶ ቀጥ ያለ መስመር አስምረው ወደ ጉድጓዱ ያነጣጥሩት፤ ከዚያ የፓተሩን ፊት ከመስመሩ ጋር ያገናኙ። ዓይንዎ መስመሩ ወደ ግራ ያየ መስሎት ቢከራከርዎትም፣ ለጊዜው መስመሩን ይመኑ።